ለአባቴ መጥረቢያ የሠራሁት ሰገባ

ተናድጄ ነው የሠራሁት። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ "እንጨቱ ለምን ተንሻፈፈ?" የሚለኝ እንዳይኖር። ሰው ሲናደድ ወይ ይሳደባል ወይ ዕቃ ይሰብራል። እኔ ያን ሰሞን መጋዝ ተውሼ እንጨት ስሰነጥቅ ሰነበትኩ። የልብስ ስፌት ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ እሸጣለሁ። ሱቄ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ካሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በአንዱ ውስጥ ነው፤ ስፋቱ ከቁም ሣጥን አይበልጥም። መሮና መጋዝ ሙያዬ አይደለም። ግን አባቴን ቤት ሊያስቀምጡብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር እያየሁ ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

አባቴ እንጨት ፈላጭ ነው። ከጉራጌ አገር ገና ጢም ሳያወጣ ነው የመጣው። አብረውት የመጡት ከተሸካሚነት ወደ ሱቅ ጠባቂነት፣ ከሱቅ ጠባቂነት ወደ ባለሱቅነት ሲሸጋገሩ እሱ ከመጥረቢያው ጋር ቀረ። ለምን ሲሉት "ተቀምጦ መዋል አልችልበትም" ይላል፤ ሌላ መልስ የለውም። ጠዋት ከአማኑኤል ሆስፒታል ጀርባ ካለው ቤታችን ይወጣል፣ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ በአትክልት ተራ ዞሮ ወደ መስጊዱ ይወርዳል። አይጣራም። ቆራሌው ይጣራል፣ ሎሚ ሻጩ ይጣራል፤ ፈላጭ ግን አይጣራም፤ ትከሻው ላይ የሚያብለጨልጨው ስለት ይበቃዋል። ድግስ ያለበት፣ ሐዘን የደረሰበት፣ መብራት የጠፋበት ዳቦ ጋጋሪ ስለቱን ከሩቅ አይቶ "አባባ፣ ይፈልጣሉ?" ይለዋል። አባቴ የእንጨቱን ዓይነት ይጠይቃል፣ ይገባል፣ ይፈልጣል። ዕድሜ ልኩን የኖረው እንዲህ ነው።

ሥራው አንድ ደንብ አለው። ፈላጭ ከኋላው አይጠራም። የፈለገው ሰው አልፎት ሄዶ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ትከሻው ላይ ስለት ያለበት ሰው ሲዞር ስለቱም አብሮት ይዞራላ! ይሄ ትምህርት ቤት የሚያስኬድ ነገር አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ አንድ ሳምንት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ዓርብ፣ ጁምዓ ተሰግዶ ሰዉ ከመስጊዱ ወጥቶ መንገዱን ሲሞላው፣ አንድ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ አባቴን ከኋላው ጠራው። መጥራት ብቻ አይደለም፣ እጁን ሰድዶ ጃኬቱን ጎተተው። ይሄ ሰውዬ መርካቶ ውስጥ ያረጀ፣ በሰፈሩ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አባቴ ዞረ። የመጥረቢያው ጫፍ የሰውዬውን ክንድ ቀደደው።

ጩኸቱን ሰምቼ ሱቄን ለጎረቤት ጥዬ ስደርስ ሰውዬው የካርቶን ክምር ላይ ተቀምጦ "ሊጨርሰኝ ነበር፣ ሊጨርሰኝ ነበር" ይላል። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ መጥረቢያውን መሬት ላይ ጥሎ፣ በራሱ የአንገት ልብስ የሰውዬውን ክንድ ያስራል። ሰውዬው ክሊኒክ ሄደ፣ ተሰፋ፣ በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ዋለ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። እንግዲህ እኔን እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ተመልከቱ እስቲ። ቆርቆሮ ጭንቅላቱ ላይ አጋድሞ የሚሮጥ አለ፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ፌሮ በጋሪ የሚጎትት አለ፤ የፌሮው ጫፍ ከጋሪው አልፎ ሁለት ክንድ ይንጠለጠላል፣ የማን ዓይን ውስጥ ይግባ ግድ የለውም። መስታወት በትከሻው ይዞ ሰው መሀል የሚሽሎከለክ አለ። እኔ ራሴ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጋሪ የተወልኝ ጠባሳ አለ። ከእነዚህ አንዱም ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አያውቅም። ቆርቆሮው ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ደግሞ ባለመጋዘን ነው። ፌሮውም ጌታ አለው። የአባቴ መጥረቢያ ግን ከአባቴ ሌላ ማንም የለውም። እና መርካቶ የስለት ነገር አሳሰበኝ ያለ ዕለት ሁሉንም ትቶ እሱን አገኘ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በዚያው በጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ጓሮ፣ በተደረደረው ጣቃ ላይ ነው። ከሳሹም እሱ፣ የሽማግሌዎቹም አፈ ጉባኤ እሱ። አባቴን አንድ በርጩማ ሰጥተው መሀል አስቀመጡት። እኔና ወንድሜ በሩ ላይ ቆመናል። ሰውዬው ክንዱን በነጭ ፋሻ ጠቅልሎ፣ ሁላችንም እንድናየው ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ አስቀምጦታል።

"እኛ ያንተን ክፉ አንፈልግም" አለ። "ግን ዛሬ እኔ ነኝ፣ ነገ ሌላ ሰው ነው። ወይ ስለቱ ይሸፈን፣ ወይ መጥረቢያው ቤት ይቀመጥ።"

"ስለቱ ካልታየ ማን ይጠራኛል?" አለ አባቴ።

"እንዴ! አንተን የማያውቅ አለ? ስንት ዘመን ፈልጠሃል እዚህ ሰፈር! ሰው ፊትህን አይቶ ይጠራሃል እንጂ።"

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው፣ አንተን የማያውቅ የለም፣ ፊትህ ይበቃል አሉ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ።

"መጥረቢያው ቤት ይቀመጥ" አለ። "እናመሰግናለን፣ አባቶቼ።"

ወንድሜ ታላቄ ነው፣ ሚኒባስ ይነዳል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእኔ ወንድም ደግሞ ጅቡን በሩን ከፍቶ ያስገባል። አባቴን ይዘን ስንመለስ እሱ ትንሽ ቀድሞን እስኪሄድ ጠብቄ ወንድሜን ያዝኩት።

"ማን ነው አንተን የወከለህ?"

"አርጅቷል እኮ። ይረፍ በቃ።"

"ደከመኝ አለህ?"

"እሱ መቼ ይላል? ደጃፍ ላይ ወንበር አወጣለታለሁ፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከሰው ይጫወታል። ደግሞ እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ትልቅ ልጆች እያሉት አባታችን መጥረቢያ ተሸክሞ ሲዞር ሰው ምን ይለናል?"

ይሄው፣ ነገሩ ወጣ። የአባቴ ዕድሜ አልነበረም ያሳሰበው፤ ሰው ምን ይለናል ነው። እኔ ደጃፍ ላይ ወንበር የወጣላቸውን ሽማግሌዎች አውቃለሁ። በሰፈራችን ሞልተዋል። መጀመሪያ ከአላፊ አግዳሚው ይጫወታሉ። ቀጥሎ ሰላምታ ብቻ ይመልሳሉ። ከዚያ ወንበሩ ባዶውን ይወጣል። ተቀምጦ መዋል አልችልበትም የሚል ሰው ከተቀመጠ አይነሳም። አባቴ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፣ እንዲያው በደፈናው አይደለም።

"ስለቱ ይሸፈናል" አልኩት። "እኔ እሸፍነዋለሁ።"

"በምን? በዚፕ?" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ለመናገር በምን እንደምሸፍነው አላውቅም ነበር። ጨርቅ ስለት አይችልም፤ ካርቶንም አይችልም። እንጨት መሆን አለበት። መጥረቢያውን የዚፕ ካርቶን ላይ አጋደምኩና ዙሪያውን በልብስ ቾክ አሰመርኩት። ከአትክልት ተራ የቲማቲም ሣጥን ሰባራ ለምኜ አመጣሁ። ሁለት ሳንቃ ወስጄ፣ በመሀላቸው ቀጭን ቁራጭ አድርጌ፣ ምስማር መታሁበት። ስመታ በእያንዳንዱ ምስማር ጭንቅላት ላይ የጨርቅ ነጋዴው ፊት ይታየኝ ስለነበር አጥብቄ ነው የመታሁት። ሲያልቅ ጥሩ መሰለኝ። አባቴ ለብሶት፣ ማለቴ መጥረቢያው ለብሶት፣ አንድ ጠዋት ወጣ።

ከቀትር በፊት ተመልሶ መጣ። አንዱ ምስማር ወደ ውስጥ አልፎ ኖሮ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለቱን ሲመታው፣ ስለቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉድፍ አበጀበት። ለሌላ ሰው ምንም አይደለችም። አባቴ ግን ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሳያ ድንጋዩን በውኃ እያራሰ ያቺን ጉድፍ እስከ ማታ ሲያጠፋ ዋለ። ቢቆጣኝ እወድ ነበር። በመጨረሻ ስለቱን በጥፍሩ እየፈተነ፣

"እንጨቱን በመጋዝ ክፈቺለት እንጂ በምስማር አትዝጊበት" አለኝ።

ገባኝ። ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። የተጣለ ዕቃ ሁሉ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። ከአሮጌ የአልጋ ሳንቃ መሀል የዋንዛ ቁራጭ አገኘሁ፤ ከመዳፌ ወፈር ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድም ምስማር ያልነካው። መጋዝና መሮ ከሱቄ በላይ በርጩማ ከሚሠራው አናጺ ተዋስኩ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግረው "እትዬ፣ መጥረቢያውን ብርድ መታው እንዴ?" አለኝ። የሚስቅ ሰው በማልፈልግበት ሰሞን ሰዉ ሁሉ ይስቅብኛል።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። አንድ እንጨት ወስደህ ጠርዙን በመጋዝ ወደ ውስጥ ትሰነጥቃለህ፤ ስለቱ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ አለቀ። ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። የመጥረቢያ አፍ ቀጥ ያለ አይደለም፣ መሀሉ ወጣ፣ ዳርና ዳሩ ገባ ያለ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ መሀሉ ላይ ጠለቅ ማለት አለበት። ደግሞ ብረቱ ከአፉ ወደ ኋላ እየወፈረ ስለሚሄድ ስንጥቁም ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ማለት አለበት። መጋዙ ይነክሳል። ሲነክስ የዚፕ ካርቶን አጥፌ እሰነቅርበትና እንደገና እገዘግዛለሁ። ደንበኛ መጥቶ "ነጭ ክር አለሽ?" ሲለኝ "የለም" እለዋለሁ፤ ከኋላዬ ነጭ ክር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የስንጥቁን አፍ በመሮ አሰፋሁ፤ ውስጡን በአሮጌ ቢላ ላይ የጠቀለልኩትን ብርጭቆ ወረቀት እየከተትኩ ፈገፈግሁ። እየለካሁ፣ እያወጣሁ፣ እየፈገፈግሁ፣ አንድ ከሰዓት ላይ መጥረቢያው ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ቀና ስል ሱቄ ሁሉ በዋንዛ ብናኝ ተሸፍኗል፣ ቁልፎቹ ሳይቀሩ።

እንጨት እርጥበት እንዳይዝና ብረቱን እንዳያዝገው ውስጡን ዘይት አጠጣሁት። ዘይቱን ከወንድሜ ሚኒባስ ሥር ከተቀመጠው ጀሪካን ነው የቀዳሁት፤ አላስፈቀድኩትም። እንዳይወልቅ ደግሞ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ፦ የቀሚስ ወገብ ላይ የሚገባ ሰፊ ላስቲክ በእንጨቱ ሁለት ጫፍ ላይ አስሬ በመጥረቢያው ጀርባ በኩል እንዲያልፍ አደረግሁ። ያን ቀን የነበረኝ ሰፊ ላስቲክ ሮዝ ብቻ ነበር።

አባቴ ወሰደውና አገላበጠው። ስለቱን ከተተ፣ አወጣ፣ ከተተ። ላስቲኩን ሳብ አድርጎ ለቀቀው፤ ጧ አለ።

"መጥረቢያዬን ሙታንታ አለበስሽው እኮ" አለኝ።

ሳቅን። በዚያ ሰሞን ያልተናደድኩባት አንዲት ቀን እሷ ናት።

ከዚያ ሥራው ጠፋ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። አባቴ እንደ ወትሮው ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ድሮ ሲገባ ኮሌታው ውስጥ የእንጨት ስንጥር ይዞ ነው የሚገባው፤ ሸሚዙን ሳጥብ ጣቴን ይወጋኛል፣ አማርራለሁ። አንድ ቅዳሜ ሸሚዞቹን ሳጥብ ምንም አልወጋኝም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልወጋኝም። ሸሚዙ አቧራ ብቻ ነበር። ሲዞር ውሎ፣ ሲዞር ውሎ፣ እጁ እንጨት ሳይነካ ነው የሚገባው።

"አባዬ፣ ሥራ የለም እንዴ?" አልኩት።

"ቀዝቀዝ ብሏል" አለ።

አልቀዘቀዘም። መብራት በየቀኑ እየጠፋ፣ የሰርግ ወር ገብቶ፣ በየግቢው ግንድ እየተራገፈ እንዴት ይቀዘቅዛል? እሱ ግን ሌላ ነገር ጀመረ። ጢሙን በየቀኑ ይላጭ ጀመር። ድሮ ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ የሚላጭ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት በሰባራ መስታወት ፊት ቆሞ ጉንጩን በእጁ እየሳበ፣ እየዳበሰ፣ ዓይኑ ሥር ያለውን እየነካ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ደህና ጃኬቱን ለብሶ ይወጣል። እንዲህ ሰንብቶ መላጨቱንም ተወው። መሳያ ድንጋዩን ከደጃፍ አንስቶ አልጋ ሥር ከተተው። አንድ ማታ ራት ስንበላ ለወንድሜ፣

"እስቲ ምርኩዝ ፈልግልኝ" አለው።

ወንድሜ በማግስቱ ይዞ መጣ፤ ቫርኒሽ የተቀባ፣ እጀታው የተቀረጸ፣ የሚያምር ምርኩዝ። ደስ ብሎት ነበር። "አላልኩሽም?" የሚል ዓይን አየኝ። ያቺን ምርኩዝ በጉልበቴ ሰብሬ እሳት ውስጥ ብጨምራት ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ግን ተቀብሎ አመሰገነው፣ እጀታዋንም በመዳፉ ለካት።

በማግስቱ ሱቄን አልከፈትኩም። አባቴ መጥረቢያውን ሰገባውን እንዳለበሰ ይዞ ሲወጣ ነጠላዬን አጥልቄ ከሩቅ ተከተልኩት። መከተሌ ምን እንደሚያተርፍልኝ አላውቅም፤ ብቻ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። አትክልት ተራ ጋ ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳን ተተክሏል፤ ደጃፉ ላይ ያልተፈለጠ ግንድ ተኮልኩሏል። አንዲት ሴት ወገቧን በመቀነት አስራ ወዲያ ወዲህ ታያለች፤ ፈላጭ ነው የምትፈልገው። አባቴ በፊቷ ሲያልፍ አየችው፤ መጥረቢያውን አየች፣ ዓይኗን መልሳ መንገዱን ታይ ጀመር። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እኔ ደሜ ፈላ፣ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በጨርቅ ነጋዴው ግቢ በኩል ዞረ። ሰውዬው ልጁን ሊድር ነው፤ በሩ ላይ አይሱዙ ቆሞ የባሕር ዛፍ ግንድ ያራግፋል፤ ሰውዬው ራሱ ቆሞ ያዛል። አባቴ ቆሞ ሰላም አለው። "ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?" አለው ሰውዬው። "እግዚአብሔር ይመስገን።" "በል ደህና ዋል።" አባቴ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ሄደ። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ከኋላው አንድ ወጣት ፈላጭ መጣ፣ ስለቱ ትከሻው ላይ ያበራል። ሰውዬው ሁለት እጁን አንስቶ ፊቱ ቆመ። "ና፣ ና ግባ፣ አንተን ነው የምንፈልገው" አለው።

እኔ እንዴት መንገዱን እንደተሻገርኩ አላውቅም።

"ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" አልኩት። ድምፄ ያስታውቅ ነበር መሰለኝ ግንድ የሚያራግፉት ቆሙ። "አባቴ አሁን በደጅዎ አለፈ። ሰላም አለዎት። ይሄ ሁሉ ግንድ ፊትዎ ተከምሯል። ግባ ማለት ምን ከለከለዎት?"

"አባትሽማ ተወው አይደል እንዴ ሥራውን?" አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። "መጥረቢያውን ሸፍኖ ሲዞር አየዋለሁ እኮ። ገዢ እየፈለገለት መስሎኝ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ፈላጭ መጥረቢያውን የሚሸፍነው ሥራ የተወ ዕለት ብቻ ነው። ስለቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ምን አለሽ ተራ ወስዶ ይሸጠዋል። መርካቶ ይሄን ስንት ጊዜ አይቷል፤ የተሸፈነ መጥረቢያ ትከሻ ላይ ሲያይ "ይሄ ሰውዬ ተገላገለ" ይላል። በማዳበሪያ ይሁን በዋንዛ፣ ማን ቀርቦ ይመረምራል! አባቴ ያን ሁሉ ቀን የዞረው ሥራ ትቻለሁ የሚል ምልክት ተሸክሞ ነው፣ ምልክቱን የሠራሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።

"ማን ነው ሸፍነው ያለው?" አልኩት።

"ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት!"

"እኔ?" አለ። ክንዱን አየ። ፋሻው ከወለቀ ቆይቷል፣ ጠባሳው ቀጭን መስመር ሆኗል። "እ... አዎ፣ ያኔ አንድ ነገር ተነጋግረን ነበር መሰለኝ። እንዲያው ለጥንቃቄ ያህል ነው እንጂ..."

ረስቶታል። ቂም ይዞ ቢሆን ይገባኝ ነበር። አባቴን ጠልቶት፣ ክንዱ አሞት ቢሆን ይገባኝ ነበር። ግን ረስቶታል። ጣቃ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ፈርዶ፣ ተነስቶ ሄዶ፣ ረሳው። አባቴ ምርኩዝ እስኪጠይቅ የደረሰበት ነገር ለዚህ ሰውዬ የአንድ ከሰዓት ወሬ ነበረች።

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እርስዎ እያልኩ ነው የተናገርኩት፣ አንዲትም ቦታ አንተ አላልኩም፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ፌሮው፣ ጃኬት ከኋላ ስለሚጎትት እጅ፣ ሁሉንም አነሳሁለት። የሰርግ ቤቱ ሴቶች ሁሉ ወጥተው ያዩኛል። "ምን ሆናለች እሷ?" ሲባል እሰማለሁ። ወጣቱ ፈላጭ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጫማውን ያያል።

ዞር ስል አባቴ ቆሟል። ድምፄን ሰምቶ ተመልሶ ነው። ከየት ጀምሮ እንደሰማ አላውቅም፣ ግን ፊቱ መስማቱን ይናገራል።

"በል እንግዲህ ግባ እንጂ" አለው ሰውዬው፣ አንገቱን እያሻሸ። "ግባ፣ አንተው ፍለጠው፣ ቤትህ አይደል።"

"የያዘው ሰው አለ" አለ አባቴ።

"አባባ፣ አብረን እንፈልጠዋለን" አለ ወጣቱ።

"አይ፣ አንተ ቀጥል።"

አባቴ መጥረቢያውን አወረደ። ላስቲኩን በጣቱ አላቀቀ፣ እንጨቱን ከስለቱ ላይ ሳበው፣ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሳይወረውር፣ ቀስ አድርጎ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። እኔ እንጨቱን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ተከተልኩት።

መንገዱ ሰው በሰው ነበር። ደግሞ ሌላ የተቀደደ ክንድ፣ ደግሞ ሌላ የሽማግሌ ችሎት በሐሳቤ ታየኝ። ሳላስበው መጮህ ጀመርኩ። "ስለት! ከፊት ስለት ነው! ዘወር በሉ!" እኔ፣ ሱቅ ያለኝ ሴት፣ እንደ ተሸካሚ እየጮህኩ ከአባቴ ኋላ እሄዳለሁ። ሰው ግራና ቀኝ ይከፈላል፣ ይስቃል። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይጮሃል፤ ወንድሜ ነው፣ ያዋረድኩትን ሰምቶ ነው። አላነሳሁም። አንዱ ጋሪ ገፊ "እህቴ፣ አማኑኤል በዚያ በኩል ነው" አለኝ። "ከዚያው ነው የመጣሁት" አልኩትና ጩኸቴን ቀጠልኩ።

አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ስለቱን አየች።

"አባባ፣ ይፈልጣሉ?"

አባቴ ቆመ። ለሴትዮዋ ወዲያው አልመለሰላትም። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣

"እኔ ደግሞ ፊቴን እያዩ የሚያልፉኝ መስሎኝ ነበር" አለ። "አርጅቼ መስሎኝ።"

ከዚያ ለሴትዮዋ "ምን ዓይነት እንጨት ነው?" አላት፣ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ምት ተሰማ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሻይ ይዛ የወጣችው ልጅ ዓይኔን አይታ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ተናድጄ ነው አልኳት።